የኻ ሰረዝ

አምባው ጡረታ ሲወጣ አርፎ ይቀመጣል ተብሎ ነበር። ማን አርፎ! ዕድሜውን ሙሉ ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና ቀለም ሲቀባ የኖረ ሰው፣ ቤት በገባ በሳምንቱ የቲማቲም ጣሳ በመቀስ መቁረጥ ጀመረ። ጣሳው ጋቢና ሆነ፤ ያለቀ ሲሊፐር ጎማ ሆነ፤ የእስክሪብቶ ሞላ ባሌስትራ ሆነ። ባለቤቱ አሰለፈች መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ በመጨረሻ የጥፍር ቀለሟን መደበቅ ጀመረች። ሰውየው ለካ የፍሬን መብራት የሚቀባው በእሷ የጥፍር ቀለም ኖሯል።

መኪኖቹ የሕፃን መጫወቻ አልነበሩም። በር ይከፈታል፣ መሪ ይዞራል፣ የጭነቱ ስፖንዳ ይወርዳል። የአምባው ትልቁ ኩራት ግን ልስላሴያቸው ነው። ስቱኮ ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ደግሞ ይቀባል፣ ደግሞ ይፈገፍጋል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በሌባ ጣቱ ይዳስሳል። ጣቱ አንዲት ኮረት ካገኘ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀምራል።

«ጣት ምንም ማግኘት የለበትም» ይላል። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

የልብ ወዳጁ ሀይረዲን ነው። ሀይረዲን ከስልጤ መጥቶ፣ በረዳትነት ጀምሮ፣ የራሱን ኤንትሬ እስከ መንዳት የደረሰ ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ያቺ ጣሊያን ሠራሽ፣ ፊቷ ደፍጣጣ፣ ዳገት ስትወጣ ሰፈር የምትቀሰቅስ የጭነት መኪና ናት። ወዳጅነታቸው የጀመረው ደግሞ በጠብ ነው።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ሀይረዲን መኪናዋን እንደገዛ በቀጥታ አምባው ጋ ወሰዳት። «ከመስታወቱ በላይ የሚስቴን ስም ጻፍልኝ» አለው። አምባው እንደሰማው «ዙለይካ» ብሎ በቀይ ጻፈ፤ ጥላ አበጀለት፤ የሚያምር ጽሑፍ ነበር። ዙለይኻ ልታይ መጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሽቅብ ተመለከተችና «ይቺ ዙለይካ ደግሞ ማን ናት?» አለች።

ሀይረዲን ደነገጠ። የጋራዡ በር የሚቀባበትን ሰማያዊ ቀለም ከነብሩሹ አንሥቶ ላይ ወጣና ካው አናት ላይ አንድ ሰረዝ ለጠፈበት። ካው ኻ ሆነ። ሰረዙ ግን ወፍራም፣ ጠማማ፣ ጫፉ ላይ የተንጠባጠበ ነበር። አምባው ያን ቀን ምሳውን አልበላም። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ለጥገና በመጣች ቁጥር «አንድ ጊዜ ላስተካክላት» ብሎ ይለምናል፤ ሀይረዲንም እየሳቀ እምቢ ይላል። ሁለቱን ወንድማማች ያደረጋቸው ይኸው የዓመታት ክርክር ነው።

የባቡሩ ሐዲድ ሊዘረጋ ዋናው መንገድ በተቆፈረበት ሰሞን የሀይረዲንን ዓይን ስኳር ወሰደበት። ኤንትሬዋ ተሸጠች፤ የገዛት ሰው ቆራርጦ ለብረት አዋላት። ሀይረዲን ቤት ዋለ። ድሮ በድምፅ ብቻ የመኪና ዓይነት የሚለየው ሰው፣ መኪና ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረ።

አንድ ከሰዓት አምባው ሊጠይቀው ሄደ።

«መልኳ እየጠፋኝ ነው» አለው ሀይረዲን።

«የማን?»

«የኤንትሬዋ። ከጎማው በላይ የተጨራመተው ፓራፋንጎ የቀኙ ነበር የግራው? ትናንት ባስበው ባስበው አልመጣልህ አለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዙለይኻ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። «የፈራሁት ሌላ ነው፣ አምባው። ዛሬ መኪናዋ ከጠፋችኝ ነገ የዙሌ ፊት ይጠፋኛል።»

የአምባው ዓይን እንባ ሞላ። ስሙ አምባው ይሁን እንጂ ሰፈሩ በቀልድ «እንባው» የሚለው ወዶ አይደለም። ዓይኑን እየጠራረገ ቤቱ ገባና ጣሳ ይፈልግ ጀመር።

እንደዚያች መኪና ተጨንቆ የሠራው የለም። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሳት። ጣቱ ምንም አላገኘም። ደስ ብሎት በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰደለት። ሀይረዲን ተቀበለ፤ ጣሪያዋን ዳሰሰ፣ ጎኗን ዳሰሰ፣ ፊቷን ዳሰሰ።

«ምንድን ነው? ጠርሙስ ነው?» አለ።

አምባው ይህችን ቃል መቼም አይረሳት። ዕድሜውን ሙሉ የተራቀቀበት ልስላሴ ለዚያ ጣት የሚነግረው ነገር አልነበረውም። መኪናዋን መልሶ ጠቀለላት።

ቤቱ ገብቶ ያበጃትን ማበላሸት ያዘ። አሰለፈች ሰውዬው ለየለት አለች። ፓራፋንጎዋን በመዶሻ ቀጠቀጠ። ለቡሎን የስፒል አናት ሰካ። አንዱን የስፖኪዮ መስታወት ነቀለ። ለጭነቱ ሸራ ከአሮጌ ጃኬት ቆረጠ፤ በሲባጎም አሰረው። ስሙን ቀለም በቀለም ላይ እየደራረበ፣ ፊደሉ ከቆርቆሮው ላይ እስኪነሣ ጻፈው። እያንዳንዷ ጉብታ ልቡን ትቆርጠው ነበር፤ ቢሆንም ሠራት።

ሁለተኛ ሲሄድ የቀለም ሳጥኑንም ይዞ ነበር። ሀይረዲን መኪናዋን ጭኑ ላይ አደረጋት። ጣቱ ስፖንዳውን አልፎ ወደ ፊት መጣና ቆመ።

«የቀኙ!» ብሎ ጮኸ። «የቀኙ ነበር! ዱከም መግቢያ ላይ፣ ለበጎቹ ብዬ ከግንቡ ጋር የተላተምኩ ጊዜ!»

የሀይረዲን ጣት ወደ ላይ፣ ወደ ጽሑፉ ወጣ። ዙ አለ። ለ አለ። ይ አለ። የመጨረሻው ፊደል ላይ ደርሶ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ፊቱ ከሰመ።

«ይቺ ዙለይካ ደግሞ ማን ናት?» አለ።

አምባው ያቺን ሰረዝ እስከ ዛሬ የጽሑፉ አካል አድርጎ ቆጥሯት አያውቅም። ያኔ እሱ የጻፈው ካ ነው፤ አሁንም እጁ የጻፈው ያንኑ ነው። በሩ ላይ የቆመችው ዙለይኻ ግን ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

«ጋሽ አምባው፣ ዛሬም አልተማሩም!» አለች።

«ሰማያዊ አለህ?» አለ ሀይረዲን እጁን ዘርግቶ።

«እኔ ላድርግልህ፣ ሀይሮ። በቀጭኑ፣ ቀጥ አድርጌ…»

«አንተ ካደረግካት ያንተ ትሆናለች። ብሩሹን ወዲህ በል።»

ሀይረዲን በግራ ጣቱ የካውን አናት ይዞ በቀኙ አሰመረ። ሰረዙ ጠመመ፤ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ተንጠባጠበ። የአምባው እጅ በልማድ የመጥረጊያ ጨርቁን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ጨርቁን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ሀይረዲን እርጥቡን ቀለም ነካ፣ እንደገና ነካ። ጣቱ ሰማያዊ ሆነ።

«መጣች» አለ።

«ኤንትሬዋ?»

«ዙሌ ናት እንጂ! ታች ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሽቅብ እያየች ትቆጣኛለች። ቢጫ ሻሽ አስራለች።»

ዙለይኻ ሳቋን አቆመች። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ቀለም የነካ ጣቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ቢጫ ነበር እንዴ?» አለች። «እኔኮ ረስቼዋለሁ።»