ጉልባንና ኪኒን

ከደምበጫ የወጣሁበት ምሽት ዝናብ ነበር። እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፈተችው፤ አንዴ በሶ ለመጨመር፣ አንዴ ሽሮ፣ ሦስተኛው ለምን እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ሚኒባሱ ውጭ ክላክሱን ያስጮኻል። «ለመስቀል ትመጣ የለ?» አለችኝ። «እመጣለሁ እማዬ» አልኳት። ወገኖቼ፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ መስቀል አለፈ፤ እኔም ጀርመን አገር ቀረሁ።

አገሬን የምናፍቀው በሆዴ ነው ብል አታፍሩብኝ። መስከረም ሲጠባ የባቄላ እሸት ይታወሰኛል፣ ከነቅርፊቱ፣ ጠሉ ሳይደርቅ። እዚህ ባቄላ በላስቲክ ታሽጎ በረዶ ሆኖ ነው የሚሸጠው። እራታቸውም ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። ሰው ቀዝቃዛ በልቶ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ከአራት ዓመት በፊት ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርዱ ነው ብዬ ጓንት ገዛሁለት። ሐኪሟ ግን ፓርኪንሰን የሚሉት የአንጎል ሕመም ነው አለችኝና በቀን ሦስት ኪኒን አዘዘችልኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። በቪዲዮ ስንደዋወል እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥበታለሁ።

ዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉድ ሆንኩ። በሕማማት፣ ውሃ እንኳ በማይቀመስበት ቀን፣ ኪኒን እንዴት ይዋጣል? የጠዋቱንና የቀኑን ዘለልኳቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የባቄላ ክክና ስንዴ ቀቅዬ ጉልባኔን አቀረብኩ። ደምበጫ ቢሆን በሳህን ለጎረቤት ይላክ ነበር፤ እዚህ የሦስት ሰው ድርሻ ብቻዬን በላሁና የቀረችውን ኪኒን አብሬ ዋጥኳት። ከዚያ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ደረጃው ላይ እግሬ ተተከለ። አልነሳም አለኝ።

አከራዬ መጣ።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ቆሜያለሁ።»

«ደረጃ ላይ መቆም ክልክል ነው። ውሉ ላይ ተጽፏል።»

«እግሬ ውሉን አላነበበም፣ ጌታዬ።»

ሕጉን በዝርዝር አስረዳኝ። ደግነቱን ግን አልክድም፤ በመጨረሻ ክንዴን ይዞ አወረደኝ። ከረጢቴንም ከፍቶ አየና፣ እዚህ ቆሻሻው በየዓይነቱ ስለሚለይ፣ የተሳሳተ ገንዳ ውስጥ ልጥለው እንደነበር ነገረኝ።

ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ነገርኳት። «ባቄላ ፕሮቲን ነው» አለችኝ። «ከኪኒኑ ጋር ሲገባ መድኃኒቱን ያደናቅፈዋል። ኪኒኑን ከምግብ ቀደም ብለው ይውሰዱ፣ ባቄላውን ለማታ ያቆዩት። ደግሞ በራስዎ ፈቃድ አይዝለሉ!»

«ጾም ነበር።»

«ማን ነው የከለከለዎት?»

«ቤተክርስቲያን።»

«ስልክ ቁጥሯን ይስጡኝ፣ ላነጋግራት።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ። እውነትም ቤተክርስቲያን ስልክ የሚደወልላት ነበረች። ደምበጫ ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። «መድኃኒትማ ጾም አያስገድፍም፤ መች ጠየቅኸኝና ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

በፋሲካ ማግስት ከእናቴ ጋር በቪዲዮ ተገናኘን። መዋሸቱ ሰለቸኝ። እጄን አወጣሁና አሳየኋት።

«በርዶህ ነው፣ ልጄ?»

«አይደለም እማዬ። በሽታ ነው። አይድንም፣ ግን በኪኒን ይያዛል።»

እኔም ያለውን ሁሉ ነገርኳት፤ ኪኒኑ ሰዓቱ ካለፈ እንደማልንቀሳቀስ፣ ደብረ ማርቆስ ያለ ወዳጄ ፋርማሲ ሲጠይቅልኝ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም እንዳሉት፣ ለዚህም ብዬ ወደ አገር ቤት ጉዞውን እንደምፈራ። ማንኪያ ከአፌ ሳይደርስ እንደሚደፋብኝም አልደበቅኋት።

«ኪኒኑ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» አለችኝ።

«በፊት።»

«ይሁን፣ ሰዓቱን እኔ እጠብቅልሃለሁ። እህሉንም እኔ አጎርስሃለሁ፤ የኔ እጅ ገና ደህና ነው፣ ተመልከት» አለችና ያን የሰማንያ ዓመት እጇን ስልኩ ፊት ዘረጋችው። ንቅንቅ አላለም።

መቼ እንደምመጣ ግን አልነገርኳትም።