በኅዳር ያነጠስኩ ዕለት

በጣልያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ገና አላገባሁም ነበር። በእኛ በማንኩሳ በኩል እንደዚያ ያለችውን ሴት «ቆማ ቀረች» ይሏታል። አክስቶቼ በየደብሩ ይሳሉልኝ ነበር፤ ስለቱ ከመብዛቱ የተነሣ ለየትኛው ታቦት ምን እንደተሳሉ ራሳቸውም ይምታታባቸው ጀመር። አባቴ ግን አይጨነቁም። እግዚአብሔር አይቸኩልም፣ አይዘገይምም ይላሉ። እኔ በልቤ፣ አለመቸኮሉንስ አይቻለሁ እል ነበር።

በመጨረሻ ጠያቂ መጣልኝ፤ የመጣው ግን የማይሆን ሰው ነው። ቡሬ ለሰፈረው የጣልያን ሹም አስተርጓሚ ነበር። ገበያ ላይ አይቶኝ ሽማግሌ ላከ። እምቢ ቢሉት ቤታችንን ማስቃጠል ይችላል፤ እሺ ቢሉት ደግሞ አባቴ ልጃቸውን ለባንዳ ሰጡ ሊባል ነው። ወሩ ሰኔ ስለነበር አባቴ የሐዋርያት ጾም ይፈታ አሉ። ጾሙ ሲፈታ ክረምቱ ከበደ፣ ወንዙ ይጉደል አሉ። ወንዙ ሳይጎድል ፍልሰታ ገባ። መስከረም ማለቂያ ላይ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ፣ ልጄና እኔ ጽጌን ልንጾም ነው አሏቸው። አባቴ ውሸት ስለማይወዱ፣ በዕድሜዬ ጾሜው የማላውቀውን ጽጌ አርባ ቀን ሙሉ ጾምኩ።

እናቴ ታከታት። ለምን ቁርጡን አይነግሩትም ብትላቸው፣ «ቁርጡን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው» አሏት። «እኔ የማውቀው እስከ ነገ ማቆየት ነው።»

አስተርጓሚው ግን ሞኝ አልነበረም። አንድ ቄስ ዘንድ ሄዶ አጽዋማቱን አስቆጠረና ጽጌ በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ በበቅሎ ራሱ መጣ።

በዋዜማው ደግሞ ከሽንዲ በኩል የመጣ አንድ አርበኛ እግሩ ቆስሎ እኛ ቤት አድሮ ነበር። በቅሎዋን ከሩቅ ስናይ አባቴ አንሥተው ቤት ውስጥ ካለው ትልቅ የእህል ጎታ ከተቱት። አዲሱ ጤፍ ገና ስላልተወቃ ጎታው ባዶ ነው፤ የቀረው የዓምናው ብናኝ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጦ አርበኛውንና አስተርጓሚውን ባንድ ቀን ማምጣቱ አናደደኝ። እንዲህ ከሆነ ጊዜ አያውቅም አልኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

አስተርጓሚው መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ መደቡ ከጎታው ጥግ ነው። ዛሬ ቁርጡን ሳልሰማ አልሄድም አለ። አባቴ አፋቸውን ከመክፈታቸው ከጎታው ውስጥ አንድ ማነጠስ ተሰማ። እኔ ወዲያው ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩና አስከትዬ አነጠስኩ።

«ይማርሽ» አለ አስተርጓሚው፣ ወዲያና ወዲህ እየተመለከተ።

«ያኑርህ» አልኩት።

ጎታው ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ አነጠሰ፤ እኔም ደገምኩ። ሦስተኛውን ከእርሱ ቀድሜ ጀመርኩና እየሳልኩ፣ እያነጠስኩ፣ ዓይኔን እያሸሁ ጎታውን ተደግፌ ቆምኩ። ዓይኔ ከማሸቱ ብዛት ቀልቷል፤ ፊቴ ላይ ያለው ላብ ደግሞ የፍርሃት ነው። አስተርጓሚው ከመደቡ ተነሣ። ምን ሆና ነው ብሎ አባቴን ጠየቃቸው።

አባቴ አሰብ አደረጉ። «እንግዲህ ወሩ ኅዳር ነው» አሉት።

ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ ወሩም በእርግጥ ኅዳር ነበር። በዚያ ዘመን ግን የኅዳር በሽታን ያላየ ወይም ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ስንቱ ቤት በሳልና በትኩሳት ባዶውን ቀርቷል። እናቴ ሳያዝዟት እሳቱ ላይ የወይራ ቅጠል ጣል አድርጋ ቤቱን ታጥን ጀመር። ጠመንጃ ያዦቹ ከጌታቸው ቀድመው ወጡ። አስተርጓሚው ከደጅ ሆኖ እግዚአብሔር ይማራት አለና በቅሎውን ወደ ቡሬ ነዳት። ተመልሶም አልመጣ። ከጥምቀት በኋላ ከተማ ውስጥ ሌላ ሴት ማግባቱን ሰማን።

አርበኛው ከጎታው ሲወጣ ከእግር እስከ ራሱ ጤፍ መስሏል። አስተርጓሚው ይማርሽ ባለ ቁጥር ያኑርህ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ እንደነበር ነገረን። አባቴ መሬት ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰውየው ስምንት ቀን ከእኛ ጋር ቆየ፤ ቁስሉን የማጥብለት እኔ ነበርኩ። እርሱ ከሄደ በኋላ ቅዳሴ ቆሜ ስጸልይ አንድ ጸሎት ጨመርኩ።

ጣልያን ቡሬን ለቆ ከሄደ፣ ፋሲካም ካለፈ በኋላ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ቦታ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ያ አርበኛ ነው። አባቴ በአገራችን ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ ወደ ጓዳ ገብተው ምን ትያለሽ አሉኝ።

«እኔስ እንደ እርስዎ መታገሥ አልችልም፤ ቶሎ ይሁን» አልኳቸው።

በሠርጌ ዕለት ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ዳሱ አፈሰሰ፣ ወጡ ቀጠነ፣ ሚዜዎቹ ጭቃ ለጭቃ ተንሸራተቱ። ሙሽራው ግን እያነከሰ ከሁሉም በላይ ጨፈረ።