ሁለት ቀኝ እጅጌዎች

የልብስ ስፌት የብቃት ማረጋገጫዬን የሰጠኝ ሰው ስሰፋ አላየኝም። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ የምቀልድ ይመስለዋል። ነገሩ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ሸሚዝ እንድሰፋ ጨርቅ ተሰጠኝ፤ መዛኙ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ስልኩን ሲነካካ አረፈደ፤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሸሚዙን በሁለት ጣቱ አነሳና ብቁ ነሽ አለኝ። ኮሌታውን ገልበጥ አድርጎ እንኳ አላየውም። ያንን ኮሌታ ሦስት ጊዜ ተርትሬ ነበር የሰፋሁት። ቤት ስገባ እናቴ እልል አለች፣ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከደስታ ነው ብለው ተዉኝ።

ስለዚህ የማስተምርበት የሙያ ማሠልጠኛ ከስፌት ክፍል አንድ ሰው ለመዛኝነት ይሠልጥን ሲል፣ ኃላፊው ንግግሩን ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። ሰው ሲሠራ ተቀምጬ ላየው ነው የፈለግኩት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ኃላፊው የተግባር ፈተናውን መሞከር የሚቻለው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ ሁለቴ ከወደቅኩ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ነገረኝ። አንዴ ይበቃኛል አልኩት። እልኸኛ ነኝ፤ ከሐኪም ተራራ ግርጌ ባለው ሰፈራችን ይህን የማያውቅ የለም።

የመጀመሪያውን ፈተና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደቅኩ። የተመደቡልኝ ተመዛኝ ሱሪ የሚሰፉ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። የታችኛው ክር ከመጠን በላይ ጠብቆ የስፌት መኪናው ጨርቁን ይሰበስብባቸዋል። ይህን አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን በደንብ አላስታውሰውም። ጥግ ተቀምጦ ሲያየኝ የነበረው የመዛኝነት አሠልጣኛችን እንደነገረኝ ከሆነ፣ ከወንበሬ ተነስቼ ሰውየውን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ፣ ክሩን አላልቼ፣ አንድ ስንዝር ያህል ሰፍቼ "እንዲህ ነው" ብያቸዋለሁ። እሳቸውም እግዜር ይስጥልኝ ብለው አመሰገኑኝ። አሠልጣኙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እኛ ሐረር ስፌት የምንማረው እንደዚያ ነው። በልጅነቴ እናቴ ሙያ እንድይዝ ብላ የላከችኝ የስፌት መኪኖች ግራና ቀኝ ተደርድረው በሚንጫጩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ለሚሠሩ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው አያስረዱም፣ አይቆጡም። ስሳሳት ጨርቁን ከእጄ ይወስዱና ተርትረው፣ አስተካክለው፣ ዝም ብለው ይመልሱልኛል። እኔም ተማሪዎቼን ያስተማርኩት በዚያው መንገድ ነው። ተማሪ ሲሳሳት እጄ ከአሳቤ ቀድሞ ይደርሳል። ለአስተማሪ ይህ ደግነት ነው፤ መዛኝን ግን ይጥለዋል።

አሠልጣኛችን ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አልገሠጸኝም። "ጥሩ አስተማሪ ነሽ" አለኝ። "ዛሬ ግን የመዘንሽው ራስሽን ነው። የሳቸውን ሥራ እኔም አላየሁም፣ አንቺም አላየሽም።" ደሜ ፈላ፤ የተናደድኩት ግን በእሱ አልነበረም። እኔን ያላየኝ ሰው ስልኩን ይዞ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሰውየውን ገፍቼ ነው ያላየኋቸው።

ለሁለተኛው ፈተና አንድ ወር ነበረኝ። በዚያ ወር ሥራዬ ሁሉ እጄን ማሠር ሆነ። ክፍል ስገባ ቀኝ እጄ የግራ እጄን አንጓ ከኋላ ጨብጦ ይይዛል፤ ተማሪዎቼ ተቆጥታ ነው እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር። እህቴ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሜ እመለከታለሁ። አከታተፏ ለዓይን ያስቀይማል፤ ቢላውን ልነጥቃት ሦስቴ ተነስቼ ሦስቴ ተመልሻለሁ። ጤና የለሽም አለችኝ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ መኪና ግርግር ሄጄ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ሰፊዎቹ ፊት እገተራለሁ። ሰው ሲሠራ ዝም ብሎ ማየት እንዴት ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አንዱ ሰፊ ከመኪናው ቀና ብሎ፣ አቦ ደንብ አስከባሪ ሆንሽ እንዴ ብሎ አሳቀብኝ።

ለሁለተኛው ፈተና የተመደቡልኝ ከግንቡ ኤረር በር ወደ ውስጥ ገባ ብለው የሚኖሩ፣ ስልሳ የሚጠጉ ሐረሪ እናት ነበሩ። ምዘናው የልምምድ አልነበረም፤ እውነተኛ ነው። እኔ እመዝናለሁ፣ አሠልጣኛችን ጥግ ተቀምጦ እኔን ያያል፣ ውጤቱ ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን። ሴትዮዋ የራሳቸውን መቀስ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። መቀሳቸው ከምዘና ማዕከሉ መቀሶች ሁሉ ይሻል ነበር።

ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ለምን እንደመጡ አጫወቱኝ። የሰፈራቸው ሴቶች ተደራጅተው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉበት ቦታ አግኝተዋል። የስፌቱ ኃላፊ እንዲሆኑ የመረጡት እሳቸውን ነው፤ ኃላፊዋ ግን የብቃት ማረጋገጫ ያላት መሆን አለባት ተባለ። ወረቀቱን ካላገኙ ኃላፊነቱ ለሌላ ይሰጥና እሳቸው ራሳቸው ስፌት ካስተማሯት ወጣት ሥር ቁልፍ ሲተክሉ ይውላሉ። "አርባ ዓመት ሰፍቼ አሁን ቁልፍ ልትከል?" አሉኝ፣ ፈገግ እያሉ። ፈገግታቸው ግን ብዙ አልቆየም።

ሥራው የተማሪ ሸሚዝ ነበር። ጨርቁ ልክ የሚበቃ ነው፤ ትርፍ የለውም። መመሪያውን አነበብኩላቸው፣ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። እኔም እጄን ከኋላዬ ጨበጥኩ። እንዴት ያለ እጅ ነበር! ጠመኔው አንዴ ከሄደበት አይመለስም። የፊቱንና የኋላውን ቆርጠው ትከሻውን ሲያጋጥሙ ቼክሊስቴ ላይ ምልክት ለማድረግ እንኳ ዓይኔን መንቀል አስጠላኝ።

ከዚያ እጅጌው ደረሰ። ስፌት ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የሸሚዝ እጅጌ ከላይ በኩል የፊቱና የኋላው ቅርጽ አንድ አይደለም፤ ጨርቁም ፊትና ጀርባ ስላለው ቀኙ ለግራ አይሆንም። አንዱን ቆርጠው ሁለተኛውን ሲቆርጡ የንድፉን ወረቀት መገልበጥ ግድ ነው። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን የፈጁት ደግሞ የሐረሪ ሴቶች ለሰርግ የሚለብሱትን የጥንቱን ቀሚስ በመስፋት ነው። የዚያ ቀሚስ እጅጌ ወጥ ነው፣ ቀኝና ግራ አይልም። ጨርቁም ቢሆን በሁለቱም ገጽ የሚለበስ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ወረቀት የሚገለብጡበት አንድም ምክንያት አልነበራቸውም።

የመጀመሪያውን እጅጌ ቆረጡ። ወረቀቱን አንስተው በዚያው ገጹ መልሰው አስተኙት። ጠመኔውን አዞሩ፣ መቀሱን አነሱ። ሁለት ቀኝ እጅጌ ሊሆን ነው። ሌላ ጨርቅ ደግሞ የለም።

ጣቶቼ አንጓዬን ጨምቀው ያዙ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ጉሮሮዬን ብጠርግ እንኳ ይገባቸዋል። አሠልጣኙ ያኔ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ይጽፍ ነበር፣ ማንም አያይም ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ሸተታቸው መሰለኝ፣ መቀሱን አየር ላይ እንደያዙ ቀና ብለው ፊቴን አዩ።

"ልጄ፣ ልቁረጥ?"

"የእርስዎ ሥራ ነው፣ እናቴ" አልኩ። "ውሳኔውም የእርስዎ ነው።"

ጥቂት ጠበቁኝ። ከዚያ ቆረጡ። የመቀሱ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ስህተቱ የታወቃቸው ሁለተኛውን እጅጌ ብብቱ ላይ ሲያጋጥሙ ነው። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዞሩት። ከዚያ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። አልሄዱም። ኮሌታውን ሰፉ፣ ጠርዙን አጠፉ፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ጨረሱ። እጅጌው የተጣመመ፣ ሌላው ሁሉ ያማረ ሸሚዝ አጥፈው ፊቴ አስቀመጡ። ልቤን የሰበረው ያ አስተጣጠፍ ነው።

ውጤት ከመንገር በፊት ተመዛኙን ስለ ሥራው መጠየቅ ግድ ነው። ጠየቅኳቸው። ሁለቱ እጅጌዎች የአንድ ወገን መሆናቸውን ራሳቸው ነገሩኝ። እኔም ጥሩ የሠሩትን ሁሉ በየተራ ጠቅሼ፣ በመጨረሻ ገና ብቁ እንዳልሆኑ ነገርኳቸው።

"ስቆርጥ ታይኝ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ተሳስቼ እንደነበር አውቀሻል?"

ልዋሽ እችል ነበር። አውቄያለሁ አልኩ።

መቀሳቸውን በጨርቁ ጠቅልለው ወጡ። ደኅና ዋይ እንኳ አላሉኝም። አሠልጣኙ ወረቀቱ ላይ ፈርሞ እጄን ጨበጠኝና አልፈሻል አለኝ። መዛኝ የሆንኩት እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት የጊደር መጋላን ገበያ አቋርጬ በእግሬ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ የምታውቀኝ የበርበሬ ነጋዴ ሰላም ስትለኝ መልስ ሳልሰጣት አለፍኩ። ሆድ ብሶኝ ነበር። ትክክል መሥራቴን አውቃለሁ፤ ትክክል መሥራቴ ግን ያን ቀን ምንም አላጽናናኝም።

ከሳምንት በኋላ ሴትዮዋ የማሠልጠኛው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ገና ሳያቸው የምለው ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ከርሜያለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ይምጡ፣ እጅጌውንም ሌላውንም እኔ ራሴ አሳይዎታለሁ አልኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

አንቺ ካስተማርሽኝ የሚመዝነኝ ማነው ሲሉ ጠየቁ። ሌላ መዛኝ እንደሚመደብላቸው፣ ደንቡ ያስተማረ ሰው ያስተማረውን እንዲመዝን እንደማይፈቅድ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተይው አቦ፣ አስተማሪ አላጣሁም። ያችው ያስተማርኳት ልጅ ታሳየኛለች። እኔ የምፈልገው አንቺ እንድትመዝኚኝ ነው።"

ምክንያቱ አልገባኝም፤ ሳይገባኝም ተከራከርኩ። ልጅቷ ካላሳየቻቸውስ፣ ሁለተኛ ቢወድቁስ፣ ደግሞ የምጥላቸው እኔ ብሆንስ አልኩ። አቋረጡኝ።

"ሌላው ሊያዝንልኝ ይችላል። አንቺ ስሳሳት እያየሽ ዝም ያልሽ ሰው ነሽ። ወላሂ፣ ያን ቀን ጠልቼሽ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ አንቺ ብቁ ነሽ ካልሽኝ ማንም አዝነውላት ነው አይለኝም።"

ሴቶቹ ሌላ ኃላፊ ሳይመርጡ እንዲጠብቋቸው አስምለዋቸዋል፤ ይህንንም የነገሩኝ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞረው ነው። እኔም ማዕከሉ ገብቼ በድጋሚ ምዘናው እኔ እንድመደብ አመለከትኩ። እስኪደርስ ድረስ ሁለት ወር፣ በኤረር በር በኩል በሚያሳልፈኝ መንገድ አልሄድኩም። ባገኛቸው አፌን እንደማልችለው አውቃለሁ።

በቀኑ ያንኑ መቀስ በዚያው ጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ጥግ ላይ አሠልጣኝ የለም፤ ክፍሉ ውስጥ ከሳቸው ሌላ ሁለት ተመዛኞችና እኔ ብቻ ነን። ፊታቸው ቆሜ፣ እንደማላውቃቸው ሁሉ መመሪያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ቢስሚላህ አሉ። እጄን ከኋላዬ ጨበጥኩ።

እጅጌው ደረሰ። አንዱን ቆረጡ። ወረቀቱን አነሱና ያዙት። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ገለበጡት። ጨርቁ ላይ አስተኝተው በጠመኔ ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት አደረጉ፣ ከዚያ ቆረጡ። በዚህ ጊዜ ቀና ብለው ፊቴን አላዩም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አላፈርኩበትም።

ሸሚዙን ሲያስረክቡኝ ጊዜ ወሰድኩ። እጅጌዎቹን አጋጥሜ አየሁ፣ የብብቱን ስፌት ወደ ውጭ ገልብጬ አየሁ። ኮሌታውን ገለበጥኩ፤ ሁለቱም ጫፍ እኩል ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አደረግኩ። ከዚያ እንደ ደንቡ፣ ስለ ሥራቸው ምን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው።

"የኔን ተይው። አንቺ አይተሻል?"

"ከመጀመሪያው ጠመኔ እስከ መጨረሻው ቁልፍ አይቻለሁ፣ እናቴ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "እንግዲያው ጻፊው።"

እንደገና ከኋላዬ የጨበጥኩትን እጄን ፈትቼ፣ ብቁ ናቸው ብዬ ጻፍኩ።