እትዬ ካውያን ሌባ አደረጓት

ልጅ እያለሁ፣ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ የአንድ መርማሪ ፖሊስ ታሪክ ገና ሳይታተም ይነበብ ነበር። ይህን የምጽፈው ናፍቆት ብቻ ይዞኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ደራሲው ጎረቤታችን ጋሽ ታፈሰ ነበሩ፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። እናቴ ደግሞ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ሸሚዛቸውን ይዘው ይመጡና፣ ካውያው እስኪግል በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዲሱን ምዕራፍ ያነቡልናል። እኔ ከሰሉን እያራገብኩ እሰማለሁ። ያ የከሰልና ውሃ የተረጨበት ጨርቅ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

መርማሪው ሻለቃ ንጋቱ ነገሩ ሲወሳሰብበት አንዲት ልብስ ተኳሽ ዘንድ ይሄዳል። "እትዬ ካውያ" ነው የሚላት። እሷም የተጠርጣሪውን ኮት ዳሰስ ታደርግና፣ "ይሄ ክርን የሳሳው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሾፌር ነኝ ካለህ ዋሽቶሃል" ትለዋለች። ከሁለት ገጽ በላይ አትቆይም፤ ግን እሷ የሌለችበት መጽሐፍ የለም። እናቴ መሆኗን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እኔማ ትምህርት ቤት ስኮራባት ለጉድ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ታፈሰ፣ እትዬ ካውያ ከደንበኛ ኪስ ደብዳቤ አውጥታ ስታነብ የሚያሳይ ምዕራፍ ይዘው መጡ። እናቴ ካውያውን አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ እኔ ከኪስ ያገኘሁትን ለባለቤቱ እመልሳለሁ እንጂ ገልጬ አላይም። ይሄን ያነበበ ሰው ነገ ልብሱን ይሰጠኛል?" አለቻቸው።

ጋሽ ታፈሰ እስክሪብቶ አወጡና ገጹን እፊታችን ሰረዙት። ለሻለቃው ሌላ ፍንጭ ለመፈለግ አንድ ሳምንት ፈጀባቸው።

ዘንድሮ መጽሐፎቹ የቲቪ ድራማ ሆኑ ሲባል የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ጋሽ ታፈሰ ካረፉ ቆይተዋል። ካዛንቺስም ፈርሶ ሁላችንም ተበታትነናል። እኔ ሞኟ የድሮ ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ ደውዬ "እማዬ በቲቪ ልትወጣ ነው" ብዬ እናቴ ኮንዶሚኒየም ሰበሰብኳቸው። እትዬ ካውያ ወጣች። ወሬኛ፣ ጥርሰ ወላቃ፣ ከኮት ኪስ ብር መዥርጣ ደረቷ ውስጥ የምትወሽቅ። የእሷን ፍንጭ ሁሉ ለአንድ መልከ መልካም ወጣት ፖሊስ ሰጥተውታል። ሰው ሳቀ። ከዚያ እናቴን አየና ዝም አለ።

በማግስቱ ኦሎምፒያ ያለው የድራማው አዘጋጆች ቢሮ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ልጄ የሚሆን ነው።

"ማለቴ፣ ሳይድ ካራክተር ናት እኮ። በቃ፣ ትንሽ ፈን እንድትሆን ነው" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሌብነት ነው ፈኑ? መጽሐፎቹን አንብበሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሌላ ሰው አሳጥሮ ጽፎ እንደሰጠው ነገረኝ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኩት፤ አልጸጸትምም። ለእሱ ሳይድ ናት፤ እኔን ያሳደገችኝ ግን በዚያ በታማኝነት ስሟ ነው።

ያኔ እናቴ አንድ ነገር ስትናገር ሙሉ ገጽ ይሰረዝ ነበር። ዛሬ በአገር ፊት ሌባ ሲያደርጓት የጠየቃት የለም።

ባለፈው እሁድ እንደ ልማዴ ኮቴን እንድትተኩስልኝ ይዤላት ሄድኩ። ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

"መጀመሪያ ኪሱን አንቺው ፈትሺው" አለችኝ። እኔን፣ ልጇን።