እሳት የገባው መጽሐፌ

ትናንት ከሥራ ስገባ አከራዬ መጽሐፌን ሲያነዱት ደረስኩ። እስካሁን ንዴቴ አልበረደም... ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

የምኖረው ፀዳ ከተማ ነው፣ አከራዬ አያ መኳንንት ግቢ። መጽሐፍ ማዋስ ሱሴ ነው። በተለይ የአንድ ደራሲ... ስሙን አልጠራም፤ ትናንት የተሰደበው ይበቃዋል። ሰውየው ያልጻፈው ነገር የለም። የወንጀል ታሪኩን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠኋት፤ ተረኛ በሆነች ቁጥር እሱን ይዛ ታድራለች። ስለ አንድ የገዳም ሠዓሊ የጻፈውን ጎረቤታችን መሪጌታ ወስደው ሁለቴ አነበቡት። ለአያ መኳንንት ደግሞ በቅሎው ተሰርቃበት አገር ላገር የሚንከራተተውን ገበሬ ታሪክ መረጥኩላቸው።

ለልጃቸው ለትርንጎ ግን ብዙ አሰብኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወደቀች ወዲህ ከሰው አታወራም፤ በሯን ዘግታ ነው የምትውለው። የፍቅር ልቦለዱን ሰጠኋት። ባለፈው እሑድ በመስኮቷ ሳልፍ ብቻዋን ስትስቅ ሰማኋት! ደስታዬን አልችለው አልኩ።

እንግዲህ ትናንት የልብስ ማጠቢያ ውሃ ከተጣደበት ጉልቻ ሥር የሚነደው ያ መጽሐፍ ነው። ትርንጎ ግድግዳ ተደግፋ ታያለች። አታለቅስም እንኳ።

«አያ መኳንንት! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምነው አንች ልጅ! ሸጋ ሰው መስለሽኝ... ወንድና ሴት የተቃቀፉበት መጽሐፍ ለልጄ ትሰጫለሽ? የጻፈውስ ቢሆን ባለጌ ነው!»

«አንብበውታል?»

«ሽፋኑን አይቸዋለሁ፤ ይበቃኛል። ለኔ እንደሰጠሽኝ ያለ የተባረከ መጽሐፍ አጥተሽ ነው?» ብለው የበቅሎውን መጽሐፍ ከኮታቸው ኪስ አወጡና... ተሳለሙት!

ይኼን ጊዜ ደሜ ፈላ። መጽሐፍ ሳውስ እንዳይቆሽሽ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት እሸፍነዋለሁ። ለሳቸው የደረሳቸው የቅዱስ ሚካኤል ስዕል ያለበት ገጽ ነው። የትርንጎ ተራ ሲደርስ ወረቀቱ አለቀብኝ። ለካ ሰውየው የበቅሎ ሌባ ታሪክ ሊያነቡ ሲሉ እየተሳለሙ ኖሯል!

መጽሐፉን ከእጃቸው ወሰድኩ። ስዕሉን እንዳይቀደድ ቀስ ብዬ አወለቅኩና መለስኩላቸው። ከዚያ የደራሲውን ስም አፍንጫቸው ሥር ደቀንኩት።

«ይኸው! ያቃጠሉትን የጻፈው ባለጌ ይኼው ነው!»

ስሙን አዩ። እሳቱን አዩ። አሁንስ ልጃቸውን ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ ጠበቅኩ...

«እና... በቅሎዋስ ተገኘች?» አሉኝ።

በቅሎዋስ! ልጅቱ እዚያው ቆማ! የበቅሎውን መጽሐፍ ለትርንጎ ሰጠኋት። «ያንች ነው። ለማንም እንዳትሰጭ» አልኳት። ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛው ገባች፤ በሯንም ዘጋች።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ አያ መኳንንት በሯ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። «ትርንጎ... እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ይላሉ። በሩ እንደተዘጋ ነው። ምንም አላዘንኩላቸውም።

መጨረሻውን እኔ አውቀዋለሁ... ከቤት ቢያስወጡኝም አልነግራቸውም፤ ልጃቸውን ለምነው ይስሙ።