የሚዘፍነው ፖፖ

ምንታምር የልጇን ቂጥ ለሰው ዓይን አሳይታ አታውቅም። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ይህን የማያውቅላት ጎረቤት የለም። ሙቀቱ ሰውን ከነነፍሱ በሚቀቅልበት ቀን እንኳ ጂሎ ፓምፐርሱን ታጥቆ፣ በላዩ ላይ ቁምጣ ለብሶ ነው ከቤት የሚወጣው። ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን እርቃናቸውን ግቢ ውስጥ ሲለቁ እሷ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ታልፋለች። ኮራች ተብላ ታምታለች፤ ትታማ!

ምክንያት ነበራት። የተወለደችው ዋልዳ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ከልጅነቷ የቀራት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የእርዳታ ሠራተኛ ያነሳት። ንፍጧ ተዝረክርኮ፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ፣ ከወገቧ በታች ራቁቷን ቆማለች። ያቺን ፎቶ ባየች ቁጥር ፊቷ ይቃጠላል። ስታረግዝ ታዲያ ማለች፤ "የእኔ ልጅ እንዲህ ሆኖ አይታይም!" መሐላዋንም ጠበቀች። ምነው ባልጠበቀች ኖሮ!

አማቷ ጃለቱ ከገጠር፣ ከዳበል፣ ወተት ይዘው በመጡ ቁጥር ይቆጧት ነበር። "አውልቂለት እንጂ ልጄ! የወንድ ልጅ ሽንት ይታያል። እኛ ጥጃ እንኳ ሲሸና ቆመን ነው የምናየው፤ አለዚያ ጤናው በምን ይታወቃል?" ይሏታል። እሷ "እሺ አኮ" ትላቸዋለች፤ አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ነው፣ በልጇ አፍ ነው የምትጠራቸው። እሺ ትልና እሳቸው ከበር ሲወጡ ፓምፐርሱን ጠበቅ ታደርገዋለች። ለባሏ ለቦሩም "እናትህ ልጄን ከጥጃ ቆጠሩት" ብላ ስቃበታለች። ቦሩ ከብት ጭኖ ናይሮቢ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ቤቱ ቢያድር ነው። እሱም ሳቀ።

ጂሎ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ግን ነገር መጣ። ምንታምር ድንበሩ ላይ የመኪና ወረቀት በሚያስጨርስ ቢሮ ሥራ አገኘች፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ትጀምራለች። ልጁን የምታውልበት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነበር፤ መምህሯ ጄን ደግሞ ፈገግ ብላ "ፓምፐርስ ያደረገ ልጅ አንቀበልም" አለቻት። ሊከፈት የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። በሁለት ሳምንት ጂሎ ደርቆ ካልተገኘ ትምህርት ቤቱም ሥራውም ቀረ ማለት ነው።

በማግስቱ ፎዚያ ሱቅ ሄደች። ፎዚያ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ናት፤ አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሦስት ፖፖ ደረደረችላት። አንዱ እጀታ ያለው ተራ ቢጫ፣ ሁለተኛው ዳክዬ የመሰለ፣ ሦስተኛው መሪ የተገጠመለት መኪና። መኪናው ሽንት ሲነካው ይዘፍናል።

"ለሾፌር ልጅ ሌላ ምን ልስጥሽ? ገና ሳይሸና ሊነዳ ነው!" አለች ፎዚያ።

ምንታምር ተራውን አነሳች፣ ከዳር ያለው ስለቱ ጣቷን ሲቧጭራት መለሰችው። ዳክዬው ይንገዳገዳል። መኪናው ላይ ውሃ ጠብ አድርጋ ሞከረችው፤ ዘፈነ። ጂሎ በደስታ ጮኸ። ያንኑ ገዛች።

የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ፓምፐርሱን አወለቀችና በሯን ዘግታ ፖፖው ላይ አስቀመጠችው። ጠበቀች። መሪውን አዞረ፣ "ቡርርር" አለ፣ ናይሮቢ ደርሶ ተመለሰ። ሽንት የለም። ከዚያ ፖፖው ሁለት ድምፅ አሰማና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሁለት ድምፅ፣ ዝም። "ምን ትቆጥባለህ? ውሃ በጄሪካን የምትገዛው አንተ ነህ እንዴ?" ብላ ቀለደችበት። አነሳችውና ቁምጣውን አለበሰችው፤ ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ቁምጣው ረጠበ።

በአራተኛው ቀን ቀልዱ አለቀ። ማስተማሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ፖፖው ላይ ሲቀመጥ ጠብታ፣ ሲነሳ ጠብታ፣ ሲተኛ ጠብታ። ምንጣፉ ሸተተ፣ ፍራሹ ሸተተ፣ እሷም ሸተተች። "ሆን ብሎ ነው" አለች፤ እልኸኛ ልጅ ሆነባት። በጥፊ ጀመረች፣ ወደ ሲሊፐር ተሸጋገረች። ከሰዓት በኋላ ውሃ ከለከለችው። በዚያ ፀሐይ! አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ የሳሙና ውሃ ሲጠጣ ደረሰችበት። ያኔ እንኳ ደንግጣ አልቆመችም፤ መታችው። ይህን እኔ ብደብቅላትም እሷ አትደብቀውም፤ ዛሬ ለጠየቃት ሁሉ ራሷ ነው የምትናገረው።

ሰኞ ሊከፈት ዓርብ ዕለት ጃለቱ ወተታቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ፖፖው ላይ ነበር። ግንባሩ በላብ ርሶ፣ መሪውን ጨምድዶ ይዞ ያምጣል። ፖፖው ሁለት ድምፅ አለ፣ ዝም አለ። አሮጊቷ የወተት ዕቃቸውን መሬት ላይ አኖሩና ዝቅ ብለው ቁልቁል አዩ። ከዚያ እጃቸውን ከእምብርቱ በታች አሳረፉ።

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ይሄ ምንድን ነው? እንደ ቅል ደድሯል እኮ!"

"እልኸኛ ነው አኮ። አመሉ ነው፣ ሰኞ ደግሞ..."

"የምን እልኸኛ! ልጁ ሽንቱ ታግዶበታል! ስንት ቀኑ ነው?"

ምንታምር ስንት ቀኑ እንደሆነ በምን ታውቃለች? ጃለቱ ልጁን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። ሦስቱም አንድ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ተደራርበው ሆስፒታል ደረሱ።

ኬቨን የሚባል ወጣት ሐኪም ሆዱን ዳሰሰው፣ በማሽን አየው። ከዚያ በስዋሂሊ ጠየቃት።

"ማማ፣ ሽንቱ ሲወርድ እንዴት ነው? ሩቅ ይሄዳል ወይስ ይንጠባጠባል? ከተወለደ ጀምሮ ነው?"

ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠበችው፣ ዱቄት የነሰነሰችው፣ ያሸገችው ምንታምር ራሷ ናት። የረጠበ ፓምፐርስ መጣሏን ታውቃለች፤ ፖፖው እስኪገዛ ድረስ ግን ሽንቱ ሲወርድ አንድ ቀን አይታ አታውቅም። ጃለቱ አጠገቧ ቆመዋል። 'ብዬሽ ነበር' ቢሏት ይሻላት ነበር። አላሏትም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

"አላየሁም" አለች።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳት። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የሽንቱ መውጫ ላይ ስስ ሥጋ ተጋርዶበታል። ፊኛው ሞልቶ የሚተርፈው ነው የሚንጠባጠበው፤ የቀረው ወደ ኋላ ኩላሊቱን ሲገፋ ኖሯል። አንደኛው ኩላሊት ሞቷል። ሁለተኛውም ደክሟል፤ ናይሮቢ ሄዶ ይከፈትለትና ስንት ዓመት እንደሚያገለግለው ያኔ ይታያል።

"በሕፃንነቱ ቢመጣስ ኖሮ?" አለች።

"ፖሌ፣ ማማ" አላት፤ አይዞሽ ማለቱ ነው።

"መትቼዋለሁ" አለችው። "ውሃ ከልክዬዋለሁ። ሰነፍ መስሎኝ ነው።"

"ሰነፍ አይደለም። ሲታገል ነው የኖረው" አለና ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ግን የተመነጠረው እሷ አይደለችም፣ ልጁ ነው። ምንታምር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ እጆቿን አየቻቸው። ልትቆርጣቸው አማራት።

ቅዳሜ ጠዋት ጂሎ ነቃ። ሌሊቱን ቀጭን ቱቦ አስገብተውለት ሽንቱ አልጋው ሥር ወደ ተንጠለጠለ ከረጢት ይወርዳል። ሆዱ ጎድሏል፣ ዓይኑ ተከፍቷል። እናቱን ከራስጌው አያትና ደነገጠ። ፈጠን ብሎ እጁን አንሶላው ሥር ሰደደ፤ ፍራሹን በቀኝ ዳበሰ፣ በግራ ዳበሰ። ከዚያ ደረቅ መዳፉን አውጥቶ ዘረጋላት።

"ማሚ፣ አልሸናሁም። አትምቺኝ።"