ከዲሮ የተወው ጉድጓድ

ከዲሮ ልብስ ሰፊ ነው። አሰላ ገበያ ዳር ሠላሳ ዓመት ሲሰፋ ከደንበኛ ጨርቅ አንዲት ቅዳጅ አስቀርቶ አያውቅም፤ የተረፈችውን ጠቅልሎ ይመልሳል። ስለዚህ አዲሱ መንገድ በሰፈሩ ሊያልፍ ነው፣ አሥራ አራት ቤት ይነሳል፣ ከንብረት ቆጣሪዎቹ ጋር የሚዞር የተነሺዎች ወኪል ምረጡ በተባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ። መታመን መልካም ነው፤ የታመነ ሰው ግን እንቅልፉን አስቀድሞ ይሰናበት።

ለጎረቤት ሲሆን ከዲሮ አንበሳ ነበር። ጠላ ቀምሶ የማያውቅ ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ ለጎረቤቱ ለአባይነሽ ጌሾዋን ሳይቀር ከቆጣሪዎቹ አለቃ ከኢንጂነር እንደሻው ጋር ተሟግቶ አስመዝግቦላታል። ተራው የራሱ ግቢ ሲደርስ ግን ሰፈርተኛው አጥሩን ተደግፎ ያይ ነበርና ላብ አጠመቀው።

"የውሃ ጉድጓዱስ?" አለ እንደሻው፣ እስክሪብቶውን አንስቶ።

"እሱ ይቅር፤ አሮጌ ነው" አለ ከዲሮ።

ጉድጓዱ ግን አሮጌ አልነበረም። ዙሪያው በድንጋይ የተገነባ፣ በበጋ እንኳ የማይነጥፍ ነው። ከዲሮ የፈራው "ወኪሉ የራሱን አበዛ" መባልን ነው። ይኸው ይሉኝታ እጁን ይዞ "የቀረ ንብረት የለም" በሚለው ወረቀት ላይ አስፈረመው።

ሚስቱ ኢፍቱ ያን ሰዓት ገበያ ነበረች። በዚያ ውሃ የጎመንና የሽንኩርት ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች፤ ልጃቸውን ሙቢናን ኮሌጅ ያስገባው ያ ችግኝ ነው። ማታ ስትሰማ ዘንቢሏን መሬት ላይ ጣለችው።

"የሙቢና አባት፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ! አዲሱ ቦታ ላይ ሌላ ጉድጓድ በምን ላስቆፍር ነው? ለቅሬታ የተሰጠው ሠላሳ ቀን ነው። ነገ ሂድና አስተካክል።"

"እሄዳለሁ" አለ።

ከዚያ ወዲያ ከዲሮ ሰላም አጣ። የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ እግሩ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ልቡ ቅሬታ መቀበያው ቢሮ ደጅ ቆሟል። የአንዱን ተማሪ ዩኒፎርም የግራ እጅጌ በቀኝ ሰፍቶ ፈታው፤ ደግሞ በዚያው በቀኝ ሰፋው። አምስት ጊዜ ቢሮ ሄዶ አምስት ጊዜ ከበር ተመለሰ፤ አንዴ ዘበኛው አተኩሮ አየኝ ብሎ፣ አንዴ አባይነሽ ከውስጥ ስትወጣ አይቶ። እቤት ሲገባ ኢፍቱ "ሄድክ?" ትለዋለች። "ወረፋ ነው" ይላታል። እሷ ቀን ትቆጥራለች፣ እሱ እህል አልወርድ ብሎታል።

የሚያሳዝነው ደግሞ ሐሜቱ አለመቅረቱ ነው። "ሰው የራሱን ጉድጓድ በከንቱ አይተውም፤ ከጀርባ ሌላ ቦታ ሳይሰጡት አይቀርም" ተባለ። ይህን የሰማው ፀጉር ቤት ተቀምጦ ነው፤ ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ ወጥቶ ሄደ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ሳጥኑን ቢከፍት የይዞታ ደብተሩ የለም። የሁለቱም ስምና ፎቶ ያለበትን ደብተር ኢፍቱ ይዛ ሄዳ፣ በራሷ ስም ቅሬታ አስገብታለች። በሳምንቱ ቅሬታ ሰሚዎቹ ሁለቱንም ጠሩ። ጎረቤትም የየራሱን ጉዳይ ይዞ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስቧል።

"ወይዘሮ ኢፍቱ፣ ባልዎን ነው የሚከሱት?" አለች ሰብሳቢዋ።

"ባሌንማ ቤቴ እከሰዋለሁ። እዚህ የመጣሁት ለጉድጓዴ ነው።"

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢዋ ወደ ከዲሮ ዞረች። "የቀረ የለም ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ጉድጓድ አለ ወይስ የለም?"

አለ ቢል ሐሰት መፈረሙን በጎረቤት ፊት ማመኑ ነው፤ የለም ቢል ሚስቱን ውሸታም ማድረጉ ነው። አባይነሽን አየ፣ ከዚያ ኢፍቱን አየ።

"አለ" አለ። "ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የተውኩት። ወላሂ፣ ማንም ምንም አልሰጠኝም። ደግ ለመባል የሷን ሰጠሁ።"

ሰብሳቢዋ ወኪልነቱ ከዛሬ ጀምሮ እንደሚያበቃ ነገረችው። ጉድጓዱ ተለክቶ ካሳው ላይ እንዲጨመርም አዘዘች።

"እስከዚያው ለመዝገብ ያህል፣ ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው?" ብላ ጠየቀችው።

ስንት ዓመት የጠጣው፣ ስንት ዓመት ውዱእ ያደረገበት ውሃ ነው፤ ጥልቀቱን ግን ከዲሮ አያውቅም። ሀፍረቱ ከፊርማው ሀፍረት በለጠበት።

"አሥራ አራት" አለች ኢፍቱ። "ሰባተኛው ላይ አለት ወጣ። ሙቢናን እርጉዝ ሆኜ ለቆፋሪዎቹ ድንጋይ መስበሪያ ተሸክሜ አመጣሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀ።"

"እኔስ የት ነበርኩ?" አለ ከዲሮ፣ ከልቡ ጠፍቶበት።

"ጎረቤት ስታስታርቅ" አለችው።